ከቦርሳው የተቆረጠች ቆዳ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መካኒክ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት እጁን ጠራርጎ ከባለመኪናው አጠገብ ከተቀመጠና «እስቲ መጀመሪያ ይንገሩኝ» ካለ፣ የጋሽ ቡሽራን አባባል ያውቃል ማለት ነው። አባባሉን ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ተራ የቅዳሜ ጠዋት ነው። አስካለ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ሙቀቱ ሳይበረታ ግቢውን ጠረገች፣ የኒሟን ዛፍ ውሃ አጠጣች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በሻይ በላች። ከዚያ የመኪና ማቆሚያውን በር ከፍታ ሸራውን ገፈፈች።

ከሸራው ሥር ያለችው ነጭ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ናት። የአስካለ ባለቤት ሽብሩ የገዛት፣ ከምድር ባቡር ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ደንገጎን ይወጡባት ነበር። ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሰው ነፋሻው ላይ ትንሽ ይቆሙና፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ። ሽብሩ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም። ከስምንት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ሙት ዓመቱ ነው። የተቀበረው ከዳገቱ በላይ፣ ሐረማያ፣ ከአባቱ ጎን ነው። አስካለ ወደ መቃብሩ በዚችው መኪና እንጂ በሌላ ላለመሄድ ወስናለች። ውሳኔዋን ለልጆቿም አልነገረችም።

ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። አስፋልቱ ላይ ወጥታ፣ ከጎን ከሚመጣ ሚኒባስ ለማምለጥ ነዳጁን ጫን ስታደርገው ግን መኪናዋ አንገራገረች። አንድ እስትንፋስ ያህል ከእግሯ ሥር ምንም እንደሌለ ሆነ። ከዚያ በድንገት ወደፊት ዘለለች። ከኋላ የነበረ ባለባጃጅ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«እናቴ! ሐራራ ይዟት ነው እንዴ? አስቅሚያት እንጂ!»

አስካለ ፈገግ አለች። መኪናዋን ግን ወደ ዳር አወጣቻት። ደንገጎ ላይ፣ ጭነት የያዘ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ በሚልበት ቦታ፣ ያቺ አንዲት እስትንፋስ ሰው ትገድላለች።

ወደ ምንተስኖት ጋራዥ ሄደች። ምንተስኖት ዐርባ ዓመት የሞላው፣ እጁ የተመሰገነ፣ ምላሱም ከእጁ የማይዘገይ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ፣ ጋሽ ቡሽራ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ ባለሙያ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መፍቻ መያዝ ትተዋል። ምንተስኖት ሻይ ያስመጣላቸዋል፤ እሳቸውም ያልተጠየቁትን ምክር ይሰጡታል።

«ታንገራግራለች» አለች አስካለ።

«ካንዴላዋ እሳት አልጭር ብሎ ነው» አለ ምንተስኖት፣ ኮፈኑን እየከፈተ። «ወይም የቤንዚን ማጣሪያዋ። ዓመት የቆመች መኪና አይደለች? እስከ ሐሙስ ይስጡኝ፣ እትዬ አስካለ። እንደ ንስር ካላስነሣኋት፣ ጋሽ ቡሽራን ከነወንበራቸው ተሸክሜ ከዚራ ሰፈርን በሙሉ አዞራለሁ!»

«እኔን ለመሸከም ወገብ ይቀድማል» አሉ ጋሽ ቡሽራ። ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ልጄ፣ መቼ ነው የምታንገራግረው? ቀስ ብለሽ ስትረግጪ ነው ወይስ ድንገት ስትጫኛት?»

«ቀስ ብዬ ስረግጥ ምንም አትል። ድንገት ስጫናት ባዶ ትሆናለች።»

«አሃ። ካርቡሬተሯ ውስጥ፣ እግርሽ ድንገት ሲጫን ቤንዚን የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ አለች። የዚችኛዋ ፓምፕ ጫፍ ቆዳ ነው ወይስ ጎማ?»

አስካለ መልሱን ታውቅ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያቺ ዕቃ ተበልታ ምትክ ጠፋ፤ አዲስ አበባም ጅቡቲም ተጠየቀ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሽብሩ ቡናማውን ቦርሳዋን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ቆዳ በምላጭ ሲቆርጥ አገኘችው። «ጥሩ ቆዳ ነው፤ እንዳንቺ አይደርቅም» አላት። ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ደንገጎን ሲወጡ መኪናዋ እንደ ውሃ ፈሰሰች፤ እሷም ኩርፊያዋን መያዝ አልቻለችም። ቀዳዳ የወጣበት ቦርሳ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተሰቅሏል።

ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ኧረ ጋሽ ቡሽራ!» አለ ምንተስኖት፣ ጭንቅላቱን ከሞተሩ ሳያነሣ። «ቆዳ፣ ጠፍር፣ ገመድ... ይሄ እኮ የባቡር ዘመን አይደለም። እትዬ፣ በፊት የሚሠራት ማን ነበር?»

«ባለቤቴ» አለች አስካለ።

«ነፍሱን ይማረው። ነካክቷታል ማለት ነው። ግድ የለም፣ እኔ አስተካክላታለሁ።»

አስካለ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ቁልፉን አስረክባ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሰኞ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፤ መኪናዋ አንገራገረች። ማክሰኞ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ታንከሩ ታጠበ፤ አሁንም አንገራገረች። ጋሽ ቡሽራ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ከዚራ በየት በኩል ብንጀምር ይሻላል?» እያሉ አላገጡበት። ምንተስኖት እልህ ያዘው። ረቡዕ ካርቡሬተሩን ውስጡን ሳይከፍት እንዳለ ከሞተሩ ፈትቶ አወጣና፣ ከሌላ መኪና የተገኘ ደህና ካርቡሬተር ገጠመላት።

ሐሙስ አስካለ ስትመጣ ምንተስኖት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አስነሥታ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች፤ ድንገት ተጫነቻት። መኪናዋ አላንገራገረችም፤ ተወርውራ ሄደች።

«ተሸነፉ ጋሽ ቡሽራ! ንስር አላልኩም?»

«ተሸንፌያለሁ» አሉ ጋሽ ቡሽራ። «ወገብህም ተረፈልህ።»

አስካለ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ቀጥላም፣ «አሮጌውስ?» ብላ ጠየቀች።

«አሮጌው ምኑ?»

«አሮጌው ካርቡሬተር።»

«እሱማ ትናንት ለቆራሌው ሰጠሁት። ከብዙ ብረታ ብረት ጋር ነው የወሰደው። ምን ያደርግልዎታል?»

ጋሽ ቡሽራ ዓይናቸው አያይላቸውም እንጂ ጆሮአቸው የዋዛ አይደለም፤ የአስካለን ዝምታ ሰሙ።

«ምን ነበረበት ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ቆዳ ነው» አለች። «ቅዳሜ የጠየቁኝ። ቆዳ ነው። ሽብሩ ከቦርሳዬ ቆርጦ የሠራት።»

ምንተስኖት የእጁን ጨርቅ ጥሎ ሞተር ብስክሌቱን አስነሣና፣ ወደ ብረት ገዢዎቹ ሰፈር በረረ።

እሱ እስኪመለስ ጋሽ ቡሽራ ከጎናቸው አስቀመጧትና አስረዷት። ቆዳዪቱ አልተበላሸችም ነበር። ዓመት ሙሉ ቤንዚን ሳይነካት በድሬ ሙቀት ደርቃ፣ ተጨማድዳ ኖሮ፣ እግር ሲጫን መርጨት አቃታት። አንድ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ብትነከር፣ አድራ ትለሰልስ ነበር። አስካለ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ካለቀሰችም አልታየባትም።

ምንተስኖት ከሁለት ሰዓት በኋላ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ብረቱን የጫነው መኪና ሊነጋጋ ሲል ወደ ማቅለጫው ሄዷል። የቀረውን ክምር በሙሉ በእጁ እያነሣ አይቷል።

እሑድ አስካለ ብቻዋን ደንገጎን ወጣች። መታጠፊያዎቹ ላይ እግሯን በጫነች ቁጥር መኪናዋ ወዲያው ታዘዘች፤ ሐረማያም በሰላም ደረሰች፤ ጸሎቱ ተደረሰ። ስትመለስ መኪናዋን ሸራ አልብሳ ወደ ቤት ገባችና ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ቦርሳው አለ። ቀዳዳው አለ። ከቀዳዳው የወጣችው ቆዳ የለችም።

አባባሉ ግን የሐሙስ ነው። ምንተስኖት የጠቆሩ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አስካለ ፊት ቆሞ፣ «ምነው እትዬ፣ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ለምን ዝም አሉኝ?» ሲላት፣ የመለሱለት ከወንበራቸው ሳይነሡ ጋሽ ቡሽራ ናቸው፦ «ልጄ፣ ሞተርም ሰውም ሲሰሙት ይናገራል፣ ሲፈቱት ዝም ይላል።»