ሰላሙን ማን ይጀምር?

አንድ ንጉሥ ከጎረቤቱ ንጉሥ ጋር ሊዋጋ ጦሩን ሲያስከትት፣ ክንፈ የሚባል ሊቅ አንድ ጽሑፍ ይዞ ቀረበ። ጽሑፉ መንግሥታት ሁሉ በአንድ ሕግ ተዳኝተው ለዘላለም በሰላም የሚኖሩበትን መንገድ ያሳያል። ንጉሡ አንብቦ ሳቀ።

«ዓለሙ ይቆይ። ላይኞቹና ታችኞቹ መንደሮች በመስኖ ውሃ መጋደል ከጀመሩ ሦስት ትውልድ አልፏል። አስታርቃቸው። ሰላማቸው ሦስት ዓመት ከዘለቀ ጦሬን እበትናለሁ፤ እስከዚያው አልዘምትም።»

ሊቁ ሁለቱን መንደሮች ሰብስቦ አነበበላቸው። ውሃው በተራ ይሁን፤ በደል በሽማግሌ ይታይ፤ ደም በደም አይመለስ። ሁሉም «እውነት ነው!» አሉ። መሐላው ላይ ሲደርሱ ግን ላይኞቹ «ታችኞቹ ይቅደሙ»፣ ታችኞቹም «ላይኞቹ ይቅደሙ» አሉ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም አልተነሣም።

በመጨረሻ ከታችኞቹ ወገን ትብለጥ የምትባል ባሏ የተገደለባት ሴት ተነሣች።

«መምህር፣ ጽሑፍዎ ሁሉ አለው፤ ጀማሪ ብቻ ጎድሎታል» አለች። ሄዳም ከላይኞቹ ወገን በሆነው፣ ባሏን በገደለው በአስረስ ፊት ቆመች። «የባሌን ደም ትቼልሃለሁ። ልጆቼም ለበቀል አይፈልጉህም።»

አስረስ እግሯ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ «አልምልም» ለማለት የደፈረ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ድርቅ ገባ። የአስረስ ወንድም በታችኞቹ ተራ ውሃውን ጠለፈ። ታችኞቹ መሣሪያ አንሥተው ሲደርሱ፣ አስረስ ቀድሞ ውሃውን ለቆላቸው፣ ወንድሙን ሽማግሌዎች ፊት አቁሞ አገኙት። መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሦስት ዓመት ሲሞላ ንጉሡ ራሱ መጣ። «ሰላማችሁ እንዴት ከረመ?»

«ጃንሆይ፣ ብዙ ጊዜ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በደረሰ ቁጥር መልሰን አቆምነው» አለች ትብለጥ፣ ቀና ብላ።

«ታዲያ ይህ ዘላለማዊ ይባላል?»

«አንድ ጊዜ ያረስነው መሬት ዕድሜ ልካችንን አያበላንም፤ በየዓመቱ እናርሰዋለን። ያደክማል ብለን ግን ጦም አናሳድረውም።»

የሁለቱም መንደር ሰዎች በአንድነት እልል አሉ። ንጉሡ እዚያው ጦሩን በተነ፤ በጽሑፉ ላይም የራሱን ማኅተም አስቀድሞ አትሞ ሊቁን ወደ ጎረቤቱ ንጉሥ ላከው።

«ዘላቂ ሰላም የሊቃውንት ሕልም ነው» የሚሉ፣ ወረቀቱን ብቻ አይተው ይፈርዳሉ። ሊቅ መንገዱን ያሳያል፤ ሰላም የሚጸናው ግን ቀድሞ ይቅር በሚልና በወገኑ ላይ እንኳ ሕጉን በሚያስከብር ሰው ነው። እኛስ ካኮረፍነው ሰው ጋር ለመታረቅ ማን እስኪጀምር ነው የምንጠብቀው?