ቀፎ አልቋል

ተረት ተረት! የንቦች ምሬት!

እመት ንብ ልጆቿ በዝተው አሮጌው ቀፎ ስለጠበባት፣ አዲስ ልትገዛ ቀፎ ሠሪው አያ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች። አምና በአንድ ቅል ማር ይሸጥ የነበረው ቀፎ ዘንድሮ አራት ቅል ገብቶ ጠበቃት።

«ምነው አያ ዝንጀሮ! ሸምበቆው ያው ሸምበቆ፣ እጅህ ያው እጅህ!» አለችው።

«ምን ላድርግ እመት ንብ? አንበሳ ለአዲሱ ግቢው አጥር ሸምበቆውን ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደው። አሁንማ በአራትም የለም፤ አልቋል። ነገ በስድስት ከተገኘ ሞክሪ» አላት ደረቱን እያከከ።

የእመት ንብ ደም ፈላ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ልጆቿ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚያድሩት። ስድስት ቅል ማር ከሰጠች ደግሞ ምን ሊበሉ ነው? እየተነጫነጨች ስትመለስ፣ ከዝንጀሮ ዋሻ በኩል የወይራ ጢስ ሸተታት። ቀፎ ተሠርቶ ሲያልቅ ንብ እንዲወደው በወይራ ይታጠናል።

«ቀፎ ካለቀ ታዲያ ምን እየታጠነ ነው?» ብላ ሽታውን ተከትላ ብትገባ፣ አዳዲስ ቀፎ እስከ ዋሻው ጣሪያ ተደርድሯል!

አልተሳደበችም። ቀፎ የለም ተብሎ የተመለሰውን የንብ መንጋ ሁሉ ጠርታ ቀፎዎቹ ውስጥ ይዛ ገባች።

በማግስቱ ዝንጀሮ ሲመጣ ዋሻው በንብ ይተራመሳል። «ኧረ ቀፎዬን! ውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ።

እመት ንብ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«የቱን ቀፎ አያ ዝንጀሮ? አልቋል ብለኸኝ የለ! ተርፎ ከሆነ ግባና ውሰድ።»

ተረቴን መልሱ፤ ማሩ ሳይወደድ አፌን በሱ አብሱ።