ቁራ የፈረመው የእርግቦች ውል

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ስጡኝና አንድ ተረት ላውጋችሁ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ወፎችና አራዊት በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ አንድ ጥልቅ ገደል ነበር። በእግሩ የተሻገረው የለም። እንስሳት ሁሉ የሚሻገሩት በንስሮች ጀርባ ላይ ተሳፍረው ነበር። በየንስሩ ጀርባ አንዲት እርግብ አብራ ትሄዳለች። ለተጠማው ውሃ ታቀብላለች፣ የፈራውን "አይዞህ፣ ወደ ታች አትመልከት" ትላለች፣ የሚንሸራተተውን ደግፋ ትይዛለች።

ከእነዚህ እርግቦች አንዷ በላባዋ ቀለም እመት አመዴ ትባል ነበር። አንድ ቀን አመዴ ሳታርፍ ገደሉን ለስድስተኛ ጊዜ ስትሻገር እንቅልፍ ጣላት። ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ኤሊ ከንስሩ ጀርባ ተንሸራተተ።

"ወደቅሁ!" ብሎ ጮኸ።

አመዴ ብንን አለች። እግሩን በመንቁሯ ይዛ ጎትታ አወጣችው። ኤሊው ተረፈ።

ወደ ንስሮቹ አለቃ ሄደች።

"ጌታዬ፣ ድሮ ከሦስት ጉዞ በኋላ እናርፍ ነበር። ማን ነው ስድስት ያደረገው?"

"ተስማምታችሁ ነው" አላት።

"ከእኛ ማን ተስማማ?"

"ወኪላችሁ አያ ቁራ ነዋ።"

ወደ ቁራ ሄደች። ቁራ የአለቃው ማጀት ውስጥ ሥጋ እየበላ ነበር።

"አያ ቁራ፣ ስለ እኛ ውል ፈርመዋል?"

"ፈርሜላችኋለሁ፣ ልጄ።"

"ምን ይላል?"

"ረጅም ነው፣ አይገባሽም።"

"እኛ መቼ ወከልንዎት?"

"አለቃው ወክሎኛል። ያው አይደለም እንዴ?"

አመዴ እርግቦቹ ወደሚያርፉበት ዋርካ ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸውና "እረፍታችንን እንጠይቅ" አለች።

"ቢያባርሩንስ?" አለች አንዷ።

"እኔም እፈራለሁ" አለች አመዴ። "ግን ዛሬ አንድ ነፍስ ሊጠፋብኝ ነበር።"

ከዚያ አንዲት አሮጊት እርግብ ከክንፏ አንድ ላባ ነቅላ አመዴ እግር ሥር አኖረች። "ስለ እኔ አንቺ ተናገሪ" አለቻት። ሁለተኛዋም አኖረች፣ ሦስተኛዋም። ከጥቂት ፈሪዎች በቀር ሁሉም አኖሩ።

አመዴ ላባዎቹን አለቃው ፊት ዘረጋች።

"ቁራ የእርስዎ ወኪል ነው። የእኛ ቃል ይኸውና።"

"ሌሎች ወፎች አመጣለሁ!" ብሎ አለቃው ተቆጣ።

ይህን ጊዜ ኤሊው እየተንፏቀቀ መጣ። "ጌታዬ፣ እርግቧ የደከመች ከሆነ እኔ አልሳፈርም" አለ። ጃርትም "እኔም" አለ። ፍየልም "እኔም።"

አለቃው ተሳፋሪ ሊያጣ መሆኑን ሲያይ እሺ አለ። ውሉ ወጥቶ ዋርካው ሥር ሁሉም እየሰማ ተነበበ። ሦስት ቀን ተከራከሩ። እርግቦቹ ሦስት አሉ፣ አለቃው አምስት አለ፤ በመጨረሻ ከአራት ጉዞ በኋላ እንዲያርፉ ተስማሙ።

እርግቦቹ ደስ ብሏቸው "እንግዲህ ዕድሜ ልክሽን አንቺው ተናገሪልን" አሏት።

"አይሆንም" አለች አመዴ። "ለአንድ ዓመት ብቻ። ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ተሰብሰቡ፤ ካልበጀኋችሁ ሌላ ምረጡ።"

ልጆች፣ በሰው ስም የሚናገር አስቀድሞ ሰውየውን ይጠይቅ። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ለጎረቤት ንገሩ።