ማርሚታዋ ሳይሠራ ሐረጎን የወረደችው መኪና

ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ይመር ጋራዥ፣ አንድ ደንበኛ ገብቶ የመኪናውን ጩኸት መዘርዘር ሲጀምር መካኒኮቹ ተያይተው አንዲት አባባል ይወረውራሉ። ደንበኛው የቆየ ተረት መስሎት ይስቃል። አባባሉ ግን መነሻ አለው። መጀመሪያ የተናገሩት መሪ ጨብጠው የማያውቁ አንዲት አዛውንት ናቸው፤ የተናገሩትም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂኦግራፊ መምህርቷ ስንዱ ባለቤቷ አራጋው ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ትቶላት የሄደው ነጭ ዲኤክስ አራት መቶ ሺህ ኪሎሜትር ከተሻገረች ቆይታለች። ልጃቸው ብዙአየሁ ተወልዳ ወደ ቤት የገባችው በዚች መኪና ነው፤ ትምህርት ቤት የተመላለሰችውም፣ ደሴ የተዳረችውም በዚችው ነው። ስንዱ መንጃ ፈቃድ ከኖራት ብዙ ጊዜ ቢሆንም መሪውን የያዘችው ከእርሱ ሞት በኋላ ነበር። ወንበሩን ወደ ፊት አላስጠጋችውም፤ ከጀርባዋ ትራስ አድርጋ ትነዳለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ብትጠየቅም ለወገቤ ይመቸኛል ትል ነበር።

ብዙአየሁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለተቃረበች እንደ ወጉ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ቤት መምጣት ነበረባት። ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ሐሙስ ከሰዓት ስንዱ ከባሏ ታናሽ ወንድም ከግርማቸው ጋር ሆና ወደ ጋራዡ ሄደች። ከመኪናዋ ቀድሞ ድምፅዋ ገባ።

ጋሽ ይመር የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። "ቲቸር፣ ሄሊኮፕተር ገዙ እንዴ?"

"የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቶ ነው" አለ ግርማቸው ቀድሞ እየወረደ። "እሱ ይበየድልን። የኋላው በር ይንቋቋል፣ እሱም ይጥበቅ። ከሥር ደግሞ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ነገር አለ። ቀለሙም እዚህ እዚህ ጋ ቢነካካ አይጠላም።"

ጋሽ ይመር መኪናዋን ዞሩ፤ ከሥር ጎንበስ ብለው አዩ፤ በመጨረሻ ገብተው ተቀመጡና ፍሬኑን በእግራቸው ጫን አሉት። ሲወርዱ ቀልዳቸው ቆሟል።

"ይህን ሁሉ ከሠራሁ የሳምንት ሥራ ነው። ያለን ነገ ብቻ። አንዱን ምረጡ። እኔን ካላችሁ ፍሬኑን ልፍታው።"

"ፍሬኑን?" ግርማቸው ሳቀ። "ከመኪናዋ ሁሉ ጨዋው እሱ አይደል እንዴ! አንድ ቀን እንኳ ሲንጫጫ ሰምተነው አናውቅም።"

"እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው።"

"ጋሽ ይመር፣ የምንሄደው አማቾች ቤት ነው! በዚህ ጩኸት ደሴ ብንገባ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ነው የሚወጣው። ወንድሜ ሲሞት ቤቱም አብሮ ወደቀ ነው የሚሉን።"

ስንዱ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥሩን ስታሳድስ፣ በየለቅሶው ቀድማ ስትደርስ፣ ለሠርጉ ማንንም ሳታስቸግር ስትደግስ፣ ያችን ቃል እንዳትሰማ ነበር።

"ማርሚታው ይሠራ" አለች።

ጋሽ ይመር አልተከራከሩም። "እሺ። እስቲ ግን ይግቡና ፍሬኑን ረግጠው ይያዙልኝ። እኔ እቆጥራለሁ።"

ረገጠች። እግሯ ሥር ያለው ነገር መጀመሪያ ቆመ። ስድስት፣ ሰባት ሲባል እንደ እርጥብ አፈር ቀስ እያለ ይሰምጥ ጀመር፤ አሥራ አንድ ላይ ወለሉን ነካ። ሲጥ እንኳ አላለም።

"ወረደ?"

"ወረደ።"

"ሲነዱስ?"

"ሁለት ጊዜ ከረገጥኩት ይይዛል። ለምጄዋለሁ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከክረምት ወዲህ።"

ግርማቸው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እትዬ! ለእኔ አትነግሪኝም?"

"ለሰው የሚነገር አልመሰለኝም።"

ጋሽ ይመር በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። "ቲቸር፣ ስትሄዱ ዳገት ነው፤ ብዙም አይታወቃችሁም። ስትመለሱ ግን ሐረጎን ትወርዳላችሁ፤ ልጅዎ ደግሞ ሁለት ነፍስ ናት። እዚያ ሁለተኛውን ለመርገጥ ጊዜ ላይገኝ ይችላል።"

ስንዱ ወርዳ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። "ፍሬኑን ይፍቱት።"

"አማቾቹስ?" አለ ግርማቸው።

"ይስሙና!"

ዓርብ ጋሽ ይመር ሌላ ሥራ አልነኩም። የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ሲፈታ በውስጡ ያሉት የላስቲክ ጎሚኒዎች ተበልተው ጠቁረው ወጡ። ፓምፑን ቀየሩ፣ ዘይቱን ቀየሩ፣ የፍሬን ሸራዎቹንም ቀየሩ። መኪናዋን ሲያስረክቡ "የቀረው ከሕፃኑ ክርስትና በኋላ ይደርሳል" አሉ።

ቅዳሜ ዲኤክሷ ስንዱንና ግርማቸውን ይዛ እያጓራች ደሴ ገባች። ስንዱ ፊቷን አጠንክራ ነው የደረሰችው። የአማቾቿ በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የልጇ አማት አቶ ወንድይፍራው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። "ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ጀምሮ ስንሰማችሁ ነበር! ይኸው ቆመን ጠበቅናችሁ።" ማንም በክፉ አላነሳው። ሲመለሱ በደህና ያግባችሁ ተብለው ተመረቁ። ልጅቱን ለእናቷ እንዲያስረክቡም የባሏ አያት እማማ ላቀች አብረው ተሳፈሩ፤ ከኋላ ከብዙአየሁ ጎን ተቀመጡ።

ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ስንዱ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለች ወረደች። አንድ ኩርባ ስትጨርስ መንገዱ ጠፋ፤ በቦታው ቀንድና ጀርባ ብቻ ታየ። ለገበያ የሚነዳ የሰንጋ መንጋ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። በግራ ገደል፣ በቀኝ ዓለት።

ረገጠች። አንዴ። ፍሬኑ እግሯ ሥር እንደ ድንጋይ ቆመ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ከመጨረሻው ሰንጋ ጭራ አንድ ክንድ ሲቀራት ቀጥ አለች።

ብዙአየሁ ሆዷን ይዛ እሪ አለች። ግርማቸው ምላሱ ተፈታ። "ተመስገን! ተመስገን! ማርሚታውን ልናሠራ ነበር እኮ እማማ! እናንተን አፍረን! ጋሽ ይመር ናቸው ጩኸቱን ትተው ፍሬኑን የያዙት። እትዬ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ሁለት ሁለቴ እየረገጠች፣ ለማንም ሳትናገር!"

ስንዱ አልሰማችውም። እጆቿ ከመሪው አልተላቀቁም። ጋሽ ይመር፣ እጅዎ ይባረክ፣ አለች በልቧ። ሌላም ስም በልቧ አለፈ፤ እሱን አልጠራችውም።

እማማ ላቀች ግርማቸውን እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ አቅፈዋት የነበረችውን ብዙአየሁን ለቀቁና ወደ ፊት አዘንብለው ሁለት እጃቸውን ስንዱ ትከሻ ላይ አሳረፉ። ትከሻዋ መጀመሪያ እንደ እንጨት ነበር። ቆይቶ ተንቀጠቀጠ፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ ሰው ያላየው እንባ በጉንጯ ወረደ።

"እማማ" አለ ግርማቸው ግራ ገብቶት፣ "የምታለቅሰው ብዙአየሁ ናት እኮ፤ እሷን ያባብሉልን እንጂ!"

አዛውንቷ እጃቸውን አላነሡም። "ተወኝ ልጄ፤ የሚጮኸው ይቆይ፣ ዝም ያለው ይታይ።"