መሪጌታ እንግዳሸት ሠላሳ ብር ሲያጠራቅሙ

ጎጃም ውስጥ መሪጌታ እንግዳሸት የሚባሉ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ ደብተራ ነበሩ አሉ። ቅኔ ሲቆጥሩ ያደጉ ሰው ብር መቁጠር ከየት ያውቃሉ? እስከ አርባ ዓመታቸው ጠገራ ብር በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር። የገንዘብን ነገር የተማሩት ዘግይተው፣ ተዋርደውና ተናደው ነው።

ትምህርቱ የጀመረው በተዝካር ነው። የሚስታቸው የወይዘሮ አትጠገብ አባት ሞተው አርባቸው ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ «ድግሱ ካላማረ አገር ምን ይለናል?» እያለ ወጥሮ ያዛቸው። ብር የለም። ባላምባራስ ውብነህ የሚባል ባለጠጋ ሠላሳ ብር አበደራቸውና የወይዘሮ አትጠገብን መሬት በወለድ አግድ ያዘ። ሠላሳው ብር እስኪመለስ ድረስ አርሶ ምርቱን የሚበላው እሱ ነው ማለት ነው። ዘመዱ ሦስት ቀን በላ፣ ጠጣ፣ አገሳ። ሲሰናበት አንዱ ሆዳም አፉን እየጠረገ «መሪጌታ፣ አማትዎን አኮሩ» ቢላቸው፣

«እሳቸውን ለመቅበር ግማሽ ቀን በቃን፤ መሬታቸውን ለመዋጥ ግን ሦስት ቀን ፈጀባችሁ» አሉት።

ሰባት ዓመት አለፈ። ባላምባራስ በየዓመቱ ጤፉን ያፍሳል፤ ዕዳው ግን ያው ሠላሳ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ በገዛ አባቷ መሬት ዳር ቆማ የሰው አጨዳ እያየች ታለቅሳለች። መሪጌታ ይህን ማየት ቢያቅታቸው ባላምባራስ ዘንድ ሄደው «ሰባት አዝመራ በልተዋል፤ ከዕዳዬ ምንም አይነሣልኝም?» ብለው ጠየቁት። ባላምባራስም «እህሉ ብሬ አንተ ዘንድ ለቆየበት ነው። ደግሞስ እኔ ባልደርስልህ በአገር ፊት ተዋርደህ ትቀር አልነበር? ላንተው አዝኜ ነው» አለ።

«መዥገርም ላም ላይ የሚጣበቀው እንዳይበርዳት ብሎ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማጠራቀም ተጀመረ። መሪጌታ ለአንድ ደጃዝማች ዳዊት በብራና ጻፉለት፤ ዋጋው አሥራ አምስት ብር። መጽሐፉ ተጠርዞ ሲቀርብ ደጃዝማቹ «አንተ የገንዘብ አያያዝ አታውቅም፤ ታባክነዋለህ። እኔው ዘንድ ይቀመጥልህ» አላቸው። የጌቶች ደግነት መቼም እንዲህ ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ዘንድ የተቀመጠ ብር አይጠፋም፤ የሚጠፋው ባለቤቱ ነው።»

ደጃዝማቹ ሳቀና ከፈለ። መሪጌታ ግን በቀጥታ ቤታቸው አልገቡም። ብር የያዘ ሰው ወዳጅ መች ያጣል? ጠጅ ቤት ጎትተው አስገቧቸው፤ ሦስቱ ብር እዚያው ቀረ። አሥራ ሁለቱን ሲያስረክቡ ወይዘሮ አትጠገብ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያም ቀና ብላ፣

«ጠጅ መሰለዎት እንጂ፣ ከዋርካው እስከ ጅረቱ ያለውን መሬቴን ነው ጠጥተው የመጡት» አለቻቸው።

 ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ያገኙት ሁሉ ከእሷ መቀነት ይገባል። አንዲት ብር ለማስፈታት እንኳ ምክንያቱን ማስረዳት ነበረባቸው፤ ምክንያታቸውም ብዙ ጊዜ አይበቃም ነበር።

መሪጌታ ብር ያዙ ተብሎ በአገሩ ተወራ። ግራዝማች አስናቀ የሚባል የሩቅ ዘመድ መጣ። እቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የለም፤ በቅሎው ግን እንደ ሙሽራ ታጌጣለች። «ጥምቀት ደርሷል፤ በቅሎዬ ያለ አዲስ ጌጥ ወጥታ እንዳታፍር አምስት ብር ያበድሩኝ» አለ።

«አይስጉ ግራዝማች፤ እርስዎን ተሸክማ የለመደች በቅሎ ሌላ ነገር አያሳፍራትም።»

እሱ ሲሄድ አህያ የሚነዳ አንድ ነጋዴ ተተካ። «አሥር ብር ይስጡኝና በሦስት ወር ውስጥ ሃያ አድርጌ አመጣልዎታለሁ» እያለ ይምል ይገዘታል።

«ብርን በሦስት ወር እጥፍ የምታደርግ ሰው፣ አህያህ ስለምን አንድ ሆና ቀረች?»

መሪጌታ ሌላም ዳዊት በአሥራ ስምንት ብር ጻፉ፤ በመጋቢት ሠላሳው ብር ሞላ። የአገሩ ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው፦ በወለድ አግድ የተያዘ መሬት የሚለቀቀው አዝመራው ተነሥቶ ያዡ እንደገና ሳያርሰው ነው። ማረሻ ከገባበት ሌላ አንድ ዓመት ይቆያል። ባላምባራስ ብሩ መሙላቱን ሲሰማ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ አፈሩ ገና ድንጋይ እንደሆነ፣ ጥንድ በሬ ልኮ አንዲት ትልም አስወጣ። ከዳር እስከ ዳር እንኳ አልደረሰችም። እንዲህ ያለ ስስታም ነው።

ነገሩ ችሎት ቀረበ። ወይዘሮ አትጠገብ ሠላሳውን ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከባሏ ኋላ ቆመች። ዳኛው ባላምባራስን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ብሩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ማረሻ የገባበት መሬት የባለማረሻው ነው፤ ለከርሞ ተመለሱ» አለ። ይህን ስትሰማ መሬት ተቀመጠች። መሪጌታ ድምፃቸውን ሳያነሡ ዳኛውን አንድ ነገር ጠየቁት። የሰጠውን ፍርድ እዚያው በተቀመጠበት ያፈረሰው በዚህች ጥያቄ ነው፤

«ማረሻቸው የገባበት መሬት የባላምባራስ ከሆነ፣ ትናንት ሙክታቸው የገባበት የእርስዎ ቤት ከዛሬ ጀምሮ የማን ነው?»