ለንቦች መክረሚያ

ተረት ተረት ስላችሁ የመሠረት በሉኝማ።

በአንድ ጫካ ውስጥ እመት ጦጢት የምትባል ማር ቆራጭ ነበረች። ማር በቆረጠች ቁጥር ሁለት የማር እንጀራ ቀፎው ውስጥ ትተዋለች።

የልጅ ልጇ፣ “እማማ፣ ይህን ለምን ይተዉታል?” ስትላት፣

“የታላቅ ሥራ አይጠየቅም!” ብላ ትቆጣለች። በልቧ ግን፣ “ምሥጢሩን ካወቀች ማን ያከብረኛል?” ትላለች።

አንድ ግንቦት እመት ጦጢት ታማ ተኛች። የልጅ ልጇም ደስ ላሰኛት ብላ ብቻዋን ሄዳ፣ አንዲት እንጀራ እንኳ ሳታስቀር ማሩን ሁሉ ቆርጣ አመጣችላት።

“ይኸው እማማ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው!”

ክረምቱ ሲገባ ንቦቹ የሚበሉት አጥተው አለቁ። በዓመቱ ጫካው እንደ ወትሮው አበበ፤ አበባው ግን ፍሬ ሳይዝ ረገፈ።

እመት ጦጢት ባዶውን ቅርንጫፍ እያየች፣ “ለንቦቹ መክረሚያ ነበር የምተወው። አበባውን ፍሬ የሚያደርጉልን እነሱ ነበሩ” አለች።

የልጅ ልጇ አንገቷን ደፋች።

“እማማ፣ ያልነገሩኝ ምሥጢር ይህን ያህል አጭር ነበር?”

በሉ ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በማር አታብሱ።