ያረጀው ትከሻ

አንድ ሞዴል ሠሪ ነበር፤ መክብብ ይባላል። የሚሠራው ገና ባልመጣ ዘመን ተዋጊዎች ይለብሱታል ተብሎ የሚታሰበውን የብረት ልብስ ነው። ከፕላስቲክ የገጣጠመው ሞዴል ቁመቱ ከስንዝር ባይበልጥም፣ ሲቀባው ትንፋሹን ውጦ ነበር።

በዚህ ሙያ ቀለም መቀባት ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ማስረጀት ይባላል፤ ልብሱ ጦር ሜዳ ውሎ የመጣ እስኪመስል መጫር፣ ዝገትና ጭቃ መቀባት። መክብብም ሳይሰስት አስረጀው። ዝገቱን እንደ በርበሬ ነሰነሰበት፤ ጭረቱንም ከራስ እስከ እግር እኩል አዳረሰው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲመኘው ለኖረው ኤግዚቢሽን እንዲመረጥለት ወደ መምህሩ ወሰደው።

መምህሩ አገላብጦ አየና፣ "ይህ ልብስ ምን ሲሠራ ነው ያረጀው?" አለው።

"ሲዋጋ ነዋ!"

"ታዲያ ደረቱም ጀርባውም ብብቱም እኩል የተላጠው ሲዋጋ ነው ወይስ ሲንከባለል?" ብሎ ሳቀ መምህሩ። "ልጄ፣ ያገለገለ ነገር የሚያልቀው ባገለገለበት በኩል ነው። አንተ አቆሸሽከው እንጂ አላስረጀኸውም። እንዲህ ሆኖ ኤግዚቢሽን አይገባም። አስተካክለህ ነገ አምጣው።"

መክብብ ቅስሙ ተሰብሮ ቤቱ ገባ። አባቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የለበሱትን ካፖርት ሲያይ ንዴቱን በእሱ ላይ ተወጣ።

"አባባ፣ ይህን ቡትቶ ዛሬም አልጣሉትም? ሌላው ደህና ሆኖ ቀኝ ትከሻው ብቻ ነትቧል! ኮሌታውም አልቋል።"

አባቱ ሳቁ። "ራስህ ጨርሰኸው ቡትቶ ትለዋለህ? ልጅ ሳለህ እግርህን ታመህ መራመድ ሲያቅትህ፣ ሐኪም ቤትም ትምህርት ቤትም የምትሄደው እዚህ ትከሻዬ ላይ ሆነህ ነበር። ኮሌታውን ደግሞ እንዳትወድቅ ጨምድደህ ትይዘዋለህ። አንዳንዴማ አንቀህ ልትገድለኝ!"

መክብብ ኮሌታውን ዳሰሰው። የሳሳው ቦታ የሕፃን እጅ ያህል ነው። እንባው መጣ። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ትከሻ ሳመና፣ "እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎት!" አለ።

"ምን ነካህ ልጄ? የራስን ልጅ መሸከም ምስጋና አለው እንዴ?" አሉ አባቱ፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

መክብብ ሞዴሉን እንደገና ቀባው። ዝገቱን ሁሉ ሸፍኖ፣ የአንድ ትከሻውን ቀለም ብቻ ከሥሩ ያለው ብረት መሳይ ቀለም እስኪታይ ድረስ ፋቀው። በአንገቱ ዙሪያም ቀጫጭን ጭረቶች ጫረበት።

በማግስቱ መምህሩ ሞዴሉን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላብጦ አየው።

"ይህ ወታደር ሰው ተሸክሟል" አለ በመጨረሻ። "ማንን ነው?"

"እኔን" አለ መክብብ።

ወዳጄ፣ የሻከረ እጅ፣ የጎበጠ ወገብ፣ የነተበ ልብስ ስናይ ማፈር ይቀናናል። ብዙዎቹ ግን እንዲያ የሆኑት እኛን ሲሸከሙ ነው። አንተን ያደረሰህ ትከሻ የማን ነው? ባለቤቱ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሄደህ ሳመው፤ ከሌለም ስሙን ጠርተህ አመስግነው።